ቍርጥማት ለያዘው ልጅ ምርኵዝ ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ነገር ከትልልቁ የአገር ጕዳይ ጋር ሲተያይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በየቤቱ፣ ሰው ወደ ሥራው ለመውጣት በሚጣደፍበት በማለዳው ሰዓት፣ ከቶ ትንሽ አይደለም። ይኸውም መገጣጠሚያው የሚታመምበትና ሕመሙም በቶሎ የማይለቀው ልጅ ያለው ወላጅ፣ ለልጁ መሄጃ የሚሆነውን መሣሪያ፣ ምርኵዝም ቢሆን፣ ጫማም ቢሆን፣ ባለመንኰራኵር ወንበርም ቢሆን፣ እንዴት አድርጎ እንዲመርጥ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የቢሮ ሰው ነኝ። ነገር ግን ዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ በዚህ ሕመም የተያዘች ስለ ሆነች፣ በምክርም በስሕተትም የተማርሁት ጥቂት ነገር አለ። ከስሕተቱ እጀምራለሁ።

ልጄ በአራት ዓመቷ ጧት ከአልጋዋ ስትነሣ ጕልበቷን መዘርጋት አቃታት። እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዛ እያነከሰች ትሄዳለች። እናቷም እኔም ወደ ሥራችን ስለምንቸኵል፣ አንሥቼ በደረጃው ተሸክሜ አወርዳታለሁ። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሮጥ ትገኛለች። እኔም ይኸን አይቼ «ይህች ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ስለማትወድ ታስመስላለች» ብዬ ተቈጣኋት። አድማጮቼ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በብዙ ነገር ተጸጽቼ ይሆናል፤ እንደዚያ ቍጣ የሚቈጨኝ ግን የለም። ኋላ እንደ ተረዳሁት የዚህ ሕመም ዋናው ጠባይ ይኸው ነውና። ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ያደረ መገጣጠሚያ ጧት ይደርቃል፤ እየተንቀሳቀሰ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይፈታል። ጧት አንካሳ፣ ከሰዓት በኋላ ሯጭ መሆን የውሸት ምልክት ሳይሆን የሕመሙ መታወቂያ ነው።

ሐኪሞች ይኸን ሕመም የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ይሉታል፤ እኛ በተለምዶ ቍርጥማት እንለዋለን። ስሙ የሚሰጠውም ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ለጀመረና ቢያንስ 6 ሳምንት ለቈየ፣ ሌላም ምክንያት ላልተገኘለት ሕመም ነው። ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ስለ ልጆች የመገጣጠሚያ ሕመም ጽፎ፣ ከአዋቂዎቹ ቍርጥማት የሚለይበትን አስረድቷል፤ እንግዲህ አዲስ በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ ቍርጥማት የአረጋውያን ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ።

ስለዚህ ከምርኵዝ በፊት ሐኪም ይቀድማል። ያበጠ ጕልበት ሁሉ ይኸው ሕመም አይደለምና። ልጁ ትኵሳት ኖሮት አንድ መገጣጠሚያው ግሎ አላስነካ ቢል፣ መግል የያዘ ሊሆን ስለሚችልና መግል በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ስለሚያበላሽ፣ ያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ከጕረሮ ሕመም በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወረውም ሕመም ልብን የሚጐዳ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሳንባ ነቀርሳም መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። ወጌሻ ለወለምታ ያለውን ጥበብ አልነቅፍም፤ ነገር ግን ያበጠና የጋለ የልጅ መገጣጠሚያ መታሸትና መጐተት አይገባውም። ዛሬ ለዚህ ሕመም ብዙ ልጆችን ጸጥ የሚያሰኝ መድኃኒት አለ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋም አለ፤ ሜቶትሬክሴት የተባለውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደውን በስሕተት በየቀኑ መስጠት ግን ብርቱ አደጋ ስላለው፣ ቀኑን በግድግዳው መቍጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት።

ከርእሴ ትንሽ ልውጣና አንድ ነገር ላስታውስ። ይኸ ሕመም ሳይታወቅ ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይኑ አይቀላም፤ ልጁም አመመኝ አይልም፤ ብርሃኑ ግን ይጠፋል። የመገጣጠሚያ ቍርጥማት አለበት የተባለ ልጅ፣ እግሩ ተሽሎትም እንኳ ቢሆን፣ ሐኪሙ በቀጠረው ጊዜ ሁሉ ዓይኑን በዓይን ሐኪም መታየት አለበት። ወደ ምርኵዙ እንመለስ።

እኛ ለልጃችን ምርኵዝ ከማስያዛችን በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ዘግይተናል። ገንዘብ አጥተን አልነበረም፤ አፍረን ነው። «ሕፃን ልጅ ምርኵዝ ይዛ ስትሄድ ሰው ምን ይላል?» እንላለን። አንድ ዘመዳችንም «አንድ ጊዜ ከያዘችው አትለቀውም፤ እግሯ ይሰንፋል» ብሎ አስፈራራን። አያቷ ደግሞ እኔ ሳልሞት ምርኵዝ አትይዝም ብላ ማዘል ጀመረች። እኔም እሸከም ነበር፤ ልጅን መሸከም ፍቅር ይመስላልና። ቈይቶ ግን አንድ ነገር አየሁ። የታዘለ ልጅ የሚሄደው ያዘለው ሰው ወደሚሄድበት ነው። ልጄ ውሃ ለመጠጣት ወደ ጓዳ ለመሄድ ሰው ትጠራለች። ሰው ከሌለ ትተወዋለች። የጎረቤት ልጅ ልደት ተጠርታ «አልፈልግም» አለች፤ ባለቤቴ «ለምን?» ብትላት «እዚያ ማን ይሸከመኛል?» አለቻት። ያን ሌሊት ሁለታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

ስለ ኀፍረቱ ኋላ ያሰብሁትን ልናገር። ማሕሌት የቆሙት ሊቃውንት ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያቸውን ተመርኵዘው ሲያድሩ እናያለን። ከመካከላቸው እግሩ ጤነኛ የሆነ ወጣት ብዙ ነው። ማንም ግን «ይኸ ሰው ደክሟልና መደገፊያ ያዘ» አይለውም። መቋሚያ፣ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን፣ ረጅም ሰዓት ለመቆም የተበጀ መሣሪያ ነው። እረኛውም በትሩን ተደግፎ ይውላል፤ ሽማግሌውም ከዘራውን ይዞ ሲሄድ ከክብሩ ይቈጠርለታል። ዓይናችን የሚደነግጠው ያንኑ እንጨት በሕፃን እጅ ስናየው ብቻ ነው። እንግዲህ የሚደነግጠው የእኛ ዓይን ከሆነ፣ ዋጋውን ስለ ምን ልጁ ይከፍላል?

እግሩ ይሰንፋል ስለሚባለው ግን፣ ነገሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ትክክለኛ ቦታውን መስጠት ያስፈልጋል። መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፤ ጅማቱ ያጥራል፤ ሥጋውም ይመነምናል። ቀኑን ሙሉ የማያስፈልገውን መሣሪያ በልጅ ላይ መጫን በእርግጥ ይጐዳዋል። ነገር ግን ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ያለ ድጋፍ የሚሄድ ልጅም፣ ሸክሙን ሁሉ በደኅናው እግር ላይ ጥሎ፣ ዳሌውንና ወገቡን አጣሞ፣ ጕልበቱን አጥፎ ነው የሚሄድ፤ ያም አካሄድ ልማድ ይሆናል። መጠየቅ ያለብን ስንት ሰዓት፣ የትና ለምን እንደምናስይዘው ነው።

ይኸን ያስተማሩኝ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ የሆኑ አንዲት ሴት ናቸው። ምርኵዝ እንዲያዙልን ስለምናቸው «አቶ እገሌ፣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ይጻፉ» አሉኝ። «ምን ልጻፍ?» ብላቸው «ልጅዎ የት እንደምትቆም፣ በስንት ሰዓት እንደምትቆም፣ ስትቆምም ምን እንደሚቀርባት ይጻፉ» አሉኝ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሌላው ነገር ቢያቅተን ፋይል መክፈት አያቅተንም። አንድ ደብተር ገዛሁ፤ ሰዓትና ቦታ የሚጻፍበት መሥመርም አሰመርሁበት።

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ሳነበው ያላሰብሁት ነገር ተገለጠልኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ችግሯ መንገድ ነው ብዬ አምን ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የምንኖረው አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሰውነቷ ገና ሳይፈታ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ትወርዳለች፤ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሏም ትሄዳለች። ሰውነቷ የሚፈታው ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን በአራት ሰዓት የዕረፍት ደወል ሲደወል፣ ለጨዋታ የሚሆነው ጕልበቷ በደረጃውና በመንገዱ አልቋል። ልጆቹ ሲጫወቱ እርሷ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። በአምስቱም ቀን «ዕረፍት፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ጧት በደረጃው ላይ የምናድንላት ጕልበት በአራት ሰዓት መጫወቻ ይሆናታል ማለት ነው። በሌሎቻችሁ ቤት ደብተሩ ሌላ ነገር ይናገር ይሆናል፤ ስለዚህም ነው የኔን ምርጫ ሳይሆን ደብተሩን የምመክራችሁ።

አሁን ስለ መሣሪያዎቹ ልናገር። የመጀመሪያው ከሁሉ ርካሽ የሆነው ጫማ ነው። እኔ የታመመው እግር ያጥራል ብዬ አስብ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ አገኘሁት። በትንሽ ልጅ ጕልበት ውስጥ ብግነት ሲቈይ ደም ወደ ሥፍራው ስለሚበዛ፣ የታመመው እግር ከደኅናው ፈጥኖ ያድጋል፤ ይረዝማልም። ልጁ የረዘመውን እግር ለማስተካከል ጕልበቱን አጥፎ ይሄዳል፤ የታጠፈውም ጕልበት በዚያው ይቀራል። መድኃኒቱ በአጭሩ፣ ማለት በደኅናው እግር ጫማ ሥር ሶል ማስጨመር ነው። ልኩን ሐኪሙ ወይም ባለሙያው ለክቶ ይሰጣል፤ ሥራውን ግን የሠፈር ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። ለልጄ የሰፋላት ሰው ተረከዙን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ሶል ከፍ አድርጎ፣ ከላይ በዚያው ቀለም ቆዳ ስለ ሸፈነው፣ ከጓደኞቿ አንዷ እንኳ አላወቀችም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር ነው፤ እኔም በሬዲዮ ስናገረው ጥቂት አፍራለሁ፤ ግን ሳልናገረው አላልፍም። ጕልበቱ የማይታጠፍለት ልጅ መሬት ላይ በተሠራ ሽንት ቤት መቀመጥ አይችልም። ልጄ በትምህርት ቤት ውሃ መጠጣት ትታ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ወራት ፈጅቶብናል። ኋላ አናጢ ጠርተን፣ መካከሉ የተቦረቦረ፣ ጐኑ መያዣ ያለው ዝቅተኛ የእንጨት ወንበር አሠራንና ለትምህርት ቤቱ ሰጠን። የጽዳት ሠራተኛዋም በቍልፍ ትጠብቅላታለች። እስከ ዛሬ ለልጄ ካስገዛሁት ሁሉ እንደዚያ ወንበር የጠቀማት የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ምርኵዝ ነው፤ ዋናው ስሕተቴም በዚህ ላይ ነው። ደብተሩን ጽፌ እንደ ጨረስሁ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶኝ፣ ብብት ሥር የሚገባውን ዓይነት ሁለት ክራንች ከገበያ ገዝቼ መጣሁ። ልጄም ደስ አላት፤ በሳሎኑ ውስጥ እየተመላለሰች አሳየችን። በሁለተኛው ሳምንት ግን የእጇ አንጓዎች አብጠው እርሳስ መያዝ አቃታት። እኔ ያየሁት ጕልበቷን ብቻ ነበር። ሕመሙ ግን በእጇም ላይ ነበረበት፤ እንዲህ ባለው ክራንች ሲሄዱ ደግሞ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በመዳፍና በእጅ አንጓ ላይ ነው። እግሯን ላድን ስል የምትጽፍበትን እጇን ጐዳሁት። ባለሙያዋ ሲያዩኝ አልተቈጡኝም፤ «ቍርጥማት ላለበት ልጅ ምርኵዝ ሲመረጥ የሚጠየቀው አስቀድሞ እጁ ነው፤ ቀጥሎ እግሩ» ብቻ አሉኝ።

ለእጁ አንጓ ለሚያመው ልጅ የሚስማማው፣ ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦይ የመሰለ መደብ ያለው ምርኵዝ ነው። ልጁ ክርኑን አጥፎ ክንዱን በመደቡ ላይ ያስተኛዋል፤ ክብደቱ በክንዱ ርዝመት ሁሉ ይከፋፈላል፤ እጁ መያዣውን የሚጨብጠው ለመምራት ያህል ብቻ ነው። እጁ ደኅና የሆነ ልጅ ግን ተራ ምርኵዝ ይበቃዋል። ልኩም እንዲህ ነው፤ ልጁ ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያንጠለጥል የምርኵዙ መያዣ ከእጁ አንጓ መታጠፊያ ጋር ይተካከላል፤ ሲይዘውም ክርኑ ጥቂት ይታጠፋል። ብብት ሥር የሚገባው ከሆነ፣ የላይኛው ጫፍ ከብብቱ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። ልጁ በብብቱ እንዲንጠለጠልበት አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ወደ እጅ የሚወርደው ነርቭ ይጨቈናል፤ እጅም ይደነዝዛል።

አንድ ምርኵዝ ብቻ ሲያዝ፣ ሰው ሁሉ ባመመው እግር በኩል መያዝ ይቀናዋል። ይኸ ስሕተት ነው። ምርኵዝ የሚያዘው በደኅናው እግር በኩል ነው፤ የታመመው እግር ሲራመድ ምርኵዙም አብሮት ይራመዳል፤ ሸክሙም ለሁለት ይከፈላል። በደረጃ ሲወጡ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ምርኵዙና የታመመው እግር ይቀድማሉ። ይኸን ከልጄ ጋር በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ አንድ ቅዳሜ ስንለማመድ፣ ከታች ያሉ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ተመለከቱን፤ በማግሥቱ እርሳቸውም ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው አየኋቸው።

ከምርኵዙ ሥር ያለችውን ጎማ አትናቋት። ጎማዋ ከተበላች ምርኵዙ በክረምት ጭቃና በታጠበ ሸክላ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ ልጁም አንድ ጊዜ ከወደቀ ሁለተኛ አይዘውም። ርዝመቱም በቀዳዳ ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን፤ ልጅ ያድጋልና፣ በየሦስት ወሩ እንደ ገና ይለካ።

ስለ ባለመንኰራኵር ወንበር ስናገር፣ ወላጅ ሁሉ ስሙን ሲሰማ እንደሚደነግጥ ዐውቃለሁ። ወንበሩ ግን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። አንዳንድ ልጅ ሕመሙ በተነሣበት ሳምንት ወይም ረጅም መንገድ ባለበት ቀን ብቻ ይጠቀምበታል፤ የቀረውን ቀን በእግሩ ይሄዳል። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መዋል ጕልበትንና ዳሌን እንደ ታጠፉ ስለሚያስቀር፣ ወንበር ያለውም ልጅ እየተነሣ መቆምና መንቀሳቀስ አለበት።

እኛ ዘንድ አንድ ዘመዳችን ከዋሽንግተን ሲመጣ ቸርነቱ ይመስገንና የአዋቂ ወንበር ይዞልን መጣ። «ታድግበታለች» አልን። የትምህርት ቤት ልብስ ሰፋ አድርገን ገዝተን ጫፉን አጥፈን እንደምንሰፋው መሆኑ ነው። ወንበር ግን እንደ ልብስ ጫፉ አይታጠፍም። በሰፊው ወንበር ላይ ልጄ ወደ አንድ ጐን እየተንጋደደች ተቀመጠች፤ እግሯ መርገጫው ላይ ሳይደርስ ተንጠለጠለ፤ መንኰራኵሩን ለመግፋትም ክንዷን እንደ ክንፍ መዘርጋት ነበረባት። የሚስማማ ወንበር ስፋቱ ከዳሌ እምብዛም የማይበልጥ፣ ከጕልበት ጀርባና ከመቀመጫው ጫፍ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ያለው፣ እግርም መርገጫው ላይ የሚያርፍበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ ወንበር እንደ ዕቃ የሚታደል ሳይሆን፣ ሰውየው ተለክቶ፣ የሚኖርበትም ሥፍራ ታይቶ፣ አጠቃቀሙንም ተምሮ የሚሰጥ መሆኑን አስታውቋል። የሚኖርበት ሥፍራ የተባለውን ልብ በሉ። የፊት መንኰራኵሩ ትንሽ የሆነ ወንበር ለሐኪም ቤት ወለል የተሠራ ነው፤ በእኛ ሠፈር የድንጋይ ንጣፍ ላይ ግን በየስንጥቁ ይሰነቀራል። ለእኛ መንገድ የፊት መንኰራኵሩ ሰፋና ከፍ ያለው ይሻላል። እጁ የሚያመውም ልጅ ራሱ መግፋት ስለሚቸግረው፣ ማን እንደሚገፋው አስቀድሞ ይታሰብ።

ጓሮ ወይም ደልዳላ ሜዳ ያላችሁ ደግሞ ስለ ብስክሌት አስቡ፤ ለትንሽ ልጅ ባለሦስት እግሩን። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ብስክሌት ክብደት ሳይጭን ጕልበትን ያንቀሳቅሳል፤ ደግሞም ሌላው ልጅ የሚቀናበት መሣሪያ እርሱ ብቻ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 አብረው ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢልዮን የሚበልጥ ሰው ቢያንስ አንድ ዓይነት አጋዥ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው፣ ወደ 1 ቢልዮን የሚጠጋውም እንደማያገኝ ተገልጧል። በአገራችንም ነገሩ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሆኖም ባዶ አይደለንም። የቼሻየር አገልግሎት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 በኢትዮጵያ ተቋቁሞ በመናገሻ አካላቸው የተጐዳ ልጆችን ሲያግዝ ኖሯል፤ በአዲስ አበባም ኪዩር የተባለው የልጆች ሐኪም ቤት በ2008 ተከፍቶ የአጥንትና የእግር ችግር ላለባቸው ሕፃናት ሕክምና ሲሰጥ ቈይቷል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እንደነዚህ ያሉትን ሥፍራዎች ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ገዝቼ፣ ገበያ ያወጣሁት ገንዘብ ዛሬ በቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ስለ ትምህርት ቤቱም ሁለት ቃል ልናገር። መሣሪያው ምንም ቢስማማ፣ የልጁ ክፍል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። እኛ ደብተሩን ይዘን ወደ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄድን። እንደ ፈራነው አልሆነም። የክፍሉን ተማሪዎች በሙሉ ወደ ምድር ቤት አወረዷቸው፤ የመማሪያ መጽሐፎቿንም አንድ ቅጂ በክፍል አስቀመጡላትና ከባዱ ቦርሳ ቀረ። ይኸ ችሮታ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጕዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች፤ ከዚያም በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጕዳተኞችና ባለመንኰራኵር ወንበር የሚጠቀሙ ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ከእናንተ መካከል የሕንፃ ፕላን የሚፈርም፣ የትምህርት ቤት በጀት የሚይዝ፣ የዕቃ ግዢ የሚመራ ሰው ይኖራል። ሲፈርም ይኸን ደረጃ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወርደውን ልጅ ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ ልናገረው የሚገባኝን ወደ ኋላ አስቀርቼዋለሁ። መሣሪያውን ስትመርጡ ልጁን ጠይቁት። ባለክንዱ ምርኵዝ ሊሠራላት ሲል፣ ባለሙያዋ እኔን ትተው ወደ ልጄ ዞረው «ምን ቀለም ይሁንልሽ?» አሏት። እኔ ግራጫ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ብዙ እንዳይታይ። እርሷ ግን «ቀይ» አለች። «ልጆቹ ምን ሆነሽ ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» ሲሏት፣ ጥቂት አስባ «ጧት ጧት ጕልበቴ ይተኛል፤ ይኸ እስኪነቃ ነው እላቸዋለሁ» አለቻቸው። ያንኑ መልስ እስከ ዛሬ ትሰጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም፤ አንድ ልጅ አካሄዷን እየመሰለ አስቋል፤ እርሷም ሁለት ቀን ምርኵዙን ከደረጃው ሥር ደብቃ ሄዳለች። አልተቈጣኋትም። በቍጣ ያተረፍሁት እንደሌለ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ዐውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ጕልበቷ ሲያብጥ ራሷ ወጥታ አመጣችው።

አሁን ጧት ምርኵዟን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች፤ ክፍሏም ትደርሳለች፤ ወደ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትተወዋለች፤ በአራት ሰዓት ደወል ሲደወል ወደ ሜዳ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ከደከማት ታነሣዋለች፤ ካልደከማት በእጇ አንጠልጥላ ትመጣለች። ሕመሙ በተነሣበት ሳምንት ቀኑን ሙሉ ትይዘዋለች። ይኸን የሚወስነው እርሷ ናት።

በእኛ ቤት ቅዳሜ ጧት ቡና ሲፈላ ምርኵዙ ይገለበጥና ጎማው ይታያል። ባለፈው ቅዳሜ መያዣውን ከእጇ አንጓ ጋር ላስተያይ ቁሚ ብላት ልኩ ዝቅ ብሎ ተገኘ። «አባባ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። «አልተበላሸም፤ አድገሽ ነው» ብዬ ብሎኑን ፈታሁና አንድ ቀዳዳ ከፍ አደረግሁት።